ከገበያው በታች ያለው ሜዳ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩትም፤ እሳቸው ራሳቸው በዚያ ኋላ በምነግርህ መናፈሻ ጥላ ሥር ሲያርፉ አይቼ አፌ ተሳሰረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ ግን እኔ ካልተናገርኩት አይጠራም፤ አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ ስማኝ።

ጣልያን ሞላሌን በያዘበት ዘመን የጣልያኑ ሹም ጸሐፊ ነበርኩ። ድጓ የተማርኩ ዲያቆን ነኝ፤ የጣልያንኛ ፊደልም ቶሎ ገባኝ። ከገበያው በታች አገራቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ተፋፍገው ይኖሩ ነበር። አጠገባቸው ያለውን ሜዳ ጦሩ አጥሮታል። ልጆቻቸው የሚቦርቁት በበቅሎ ጋጣ መካከል፣ በፋንድያ ላይ ነው። የባሰው ግን ሰው ሲሞትባቸው ነበር። በእኛ አገር ለቅሶ ሜዳ ይፈልጋል፤ አልቃሹ ክብ ሠርቶ ይቆማል፣ ሙሾ አውራጇ መሐል ትገባለች። እነሱ ግን በጠባቡ መተላለፊያ እያለቀሱ፣ የጭነት በቅሎ ሲመጣ ለቅሶውን ያቋርጡ ነበር።

አንድ ቀን ሹሙ ለድሆች መናፈሻ የሚሆን ገንዘብ ከበላይ መፈቀዱን ነገረኝ። የሰፈሩ ሰዎች ቦታውን ጠቅሰው፣ በጣታቸው ፈርመው ያመልክቱ ተባለ። የሰፈሩ አንደበት እማማ አጸደ ነበሩ።

«ልጄ፣ አጥሩ ይነሣልንና ዳር ዳሩን ጽድ እንተክላለን። ልጆቹ ይቦርቁበት፤ እኛም እንደ ሰው እናልቅስበት» አሉኝ።

ጻፍኩ። ከመፈረም በፊት ማንበብ ወግ ነውና አነበብኩላቸው። አንድ ሽማግሌ ሌላ ሰውም ያንብበው ቢሉ እማማ አጸደ ተቆጧቸው፦ «ድጓ የተማረ አፍ ይዋሻል እንዴ?»

ዋሸ። ያነበብኩላቸው አንድ ወረቀት ነበር፤ ጣታቸውን ያሳረፍኩበት ሌላ። በዚያኛው ላይ የጻፍኩት ቦታ ከእኔ ደጅ ፊት ለፊት ያለው፣ ሳማ የወረሰው ጉድባ ነው። ለምን? ርቦኝ ነበር? አልራበኝም። ያስገደደኝ ነበር? ማንም። በደጄ አበባ እንዲኖር ፈለግኩ። መንገደኛ ሲያልፍ «ይህ የማን ቤት ነው?» እንዲል ፈለግኩ። ለዚህችው ነው እኔ፣ ቀዳሹ እኔ፣ የስንት ምስኪን ጣት የሰረቅኩት።

መናፈሻው በእነሱ ስም ተሠራ። ከታች ሰፈር የመጣ እንዳይገባ ዘበኛ ቆመበት፤ እኔ ግን ማታ ማታ እየገባሁ እቀመጥ ነበር። ጽጌረዳውም፣ ልዋሽህ አልፈልግም፣ ያምር ነበር።

ክረምቱ እንደ ወጣ የእማማ አጸደ ሴት ልጅ በወሊድ ሞተች። ለቅሶ ሄድኩ፤ መቅረቱ ያስወቅስ ነበራ። እማማ አጸደ የልጃቸውን ቀሚስ ታቅፈው በመተላለፊያው ቆመዋል። ሙሾው ገና ሲጋጋል የጦሩ በቅሎዎች መጡ። አልቃሹ ሁሉ ዝም ብሎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እሳቸውም ቀሚሱ ጭቃ እንዳይነካው ከፍ አድርገው ይዘው፣ በቅሎዎቹ አንድ በአንድ እስኪያልፉ ጠበቁ። የገዛ ልጃቸውን ለማልቀስ ተራ ጠበቁ። ያስጠበቅኋቸው እኔ ነኝ።

ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር ልልህ አስቤ ነበር። አልልም። ዘመኑ አጥር አጠረ እንጂ ያን ወረቀት አልጻፈም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ የተበደልከው አንተ አይደለህም። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገባኝ እማማ አጸደ ያን ቀን ፊቴ ቆመው ነበር። እንባዬን ሲያዩ፣ የራሳቸውን ሐዘን ትተው፣ በሰው መሐል እየተጋፉ ወደ እኔ መጡ።

«አይዞህ ልጄ፤ አንተ ምን ታደርግ? ጣልያን ነው ያታለለን። አንተማ ጽፈህልን ነበር። እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ።