አማከለች የሰው መኪና ስትሸጥ

አማከለች መኪና መንዳት አትችልም ነበር። ለረጅም ዓመታት የሠራችው ሳሪስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ በስልክ ኦፕሬተርነት ነው። ፋብሪካው ተሸጦ ሠራተኛ ሲቀነስ እሷም አብራ ወጣች፤ ላፍቶ ባለው ቤቷ ሥራ ፈትታ ተቀመጠች።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ እዚያ ሰፈር ስልክ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ጎረቤቷ ጋሽ ዱጉማ ፔጆአቸውን ሊሸጡ ጋዜጣ ላይ ሲያስነግሩ የእሷን ቁጥር አስጻፉ። ማስታወቂያው የወጣ ዕለት ግን እሳቸው ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄደዋል። ስልኩ ጠዋት መጮህ የጀመረ ማታ ድረስ አላረፈም። ደዋዮቹን "የሉም" ብላ መሸኘት አልሆነላትም። የምታውቀውን ነገረቻቸው፤ ባለቤቱ መኪናዋን እንዴት እንደያዟት፣ ለምን እንደሚሸጧት፣ ሲበርድ ለመነሳት እንደምታስቸግርም ጭምር። ጋሽ ዱጉማ ሲመለሱ ገዢውን በራቸው ላይ ቆሞ አገኙት።

"አንቺ ልጅ፣ ከደላሎቹ ትሻያለሽ" አሏት ድርሻዋን ሲሰጧት።

ባሏ አስረስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሥራ አድርጌ ልያዘው ስትለው ሳቀ።

"ፍሬንና ፍሪሲዮን ሳትለዪ?"

"ያላወቅሁትን ባለቤቱን እጠይቃለሁ" አለችው።

ወሬው ከቤት ቤት ዞረ። መኪና የሚሸጥ ሰው እየመጣ ሳሎኗ ውስጥ ስለ መኪናው ያወራታል፤ እሷም ያንኑ ለገዢ በስልክ ትነግራለች። ነውር ካለው ነውሩን አትደብቅም። ስለዚህ ለማየት የሚመጣ ሰው እምብዛም ተናዶ አይመለስም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ሙሉመቤት መጡ። ባላቸው አቶ ነጋ ከሞቱ ወዲህ ሰማያዊዋ ቮልሳቸው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አማከለች ፊት ተቀምጠው ስለ መኪናዋ ሲያወሩ ፊታቸው በራ። ገዢ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ለመጀመሪያው "ዝናብ ታስገባለች" አሉት። ሁለተኛውን "መሪዋ ይከብዳል" ብለው መለሱት። ኢስማኢል የሚባል የፉሪ ነጋዴ ግን ሁሉንም ሰምቶ "ይሁን፣ እወስዳታለሁ" አለ። ገብቶ መቀመጫውን ወደ ኋላ ሲገፋው ሙሉመቤት ፊታቸውን አዞሩ።

አማከለች አየቻቸው። የሥራዋ ትልቁ ገቢ እጇ ላይ ነበር፤ ቢሆንም ኢስማኢልን ይቅርታ ጠይቃ ሸኘችው።

"እትዬ፣ መሸጥ አይፈልጉም አይደል?"

"ነጋ እንዳስተካከለው ነበር መቀመጫው" አሉ ሙሉመቤት። "ልጆቹ ቆማ ከምትበሰብስ ሽጪያት አሉኝ። ምን ልበላቸው?"

"እርስዎ ለምን አይነዷትም?"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"አስረስ ያለማምድዎታል።"

አስረስ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን እሑድ እሑድ ወደ ለቡ ሜዳ ይወስዳቸው ጀመር። ቮልሷ እየዘለለች ሞተሯ ሲጠፋ የሚያርሱት ገበሬዎች በሬያቸውን አቁመው ያዩ ነበር። ሙሉመቤት ሁለቴ በፈተና ወድቀው በሦስተኛው መንጃ ፈቃድ አወጡ።

ለኢስማኢልም አማከለች ሌላ መኪና ፈልጋ አገኘችለት። ከዚያ በፊት ሩቅ ሰፈር ያለ መኪና ሄዳ ለማየት ታክሲ ስትጠብቅ ግማሽ ቀኗ ያልቅ ነበር። አሁን ሙሉመቤት በራፏ ላይ መጥተው ጥሩንባ ይነፋሉ።

"ዛሬ የት ነው?"

"ሀና ማርያም አጠገብ ነው፣ ፒክአፕ። መንገዱ ግን ጭቃ ነው፣ እትዬ።"

"ግቢ እንጂ" አሉ ማርሽ እያስገቡ፤ "ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።"