የብረት ክንድና የሁዳዴ እንቁላል

ባለፈው እሁድ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ በስልኳ አንድ የጀግና ተከታታይ ፊልም ታያለች። እኔ ደግሞ መነጽሬን እፈልጋለሁ፤ ግንባሬ ላይ እንዳለ ማንም አልነገረኝም። በትከሻዋ በኩል አጮልቄ ሳይ አንዲት ሴት ከፎቅ ትወድቃለች። ጀግናው በርሮ ደረሰና መሬት ልትነካ ስንዝር ሲቀራት ቀለብ አደረጋት።

"ሞታለች!" አልኩ ጮክ ብዬ።

"አባዬ ደግሞ! አዳናት እኮ!"

"ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? በዚህ ነገር ጾም ገድፌያለሁ።"

እንዲህ ካልኩ በኋላ ማን ዝም ያሰኘኛል?

ሰቆጣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ገበያው አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ዲሽ አስገብታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ክንዱ ብረት የሆነ ጀግና ታሳየን ነበር። ቋንቋውን ማናችንም አንሰማም። ስለዚህ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የምተረጉመው እኔ ነኝ፤ እንደመጣልኝ! ከጋዝጊብላ በእግራቸው ለገበያ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው ያዳምጡኝ ነበር። ፊዚክስ ክፍል ግን ወንበሬ ከኋላ ነው።

ፊዚክስ የሚያስተምሩን ቲቸር ደሳለኝ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ። አንድ ሐሙስ እሳቸው ስለ ኃይል ያስተምራሉ፣ እኔ ለጎረቤቴ የጀግናውን አያያዝ በእጄ አሳያለሁ። ደረሱብኝ።

"ምንድን ነው የምትወራጨው?"

"ቲቸር፣ ከፎቅ የወደቀች ልጅ ሲይዝ ነው። በብረት ክንዱ።"

"በብረት? ታዲያ ብረቱ ከመሬቱ በምን ይሻላታል?"

ክፍሉ ሳቀ። ጀግናዬ ሲነካ ደሜ ፈላ። "ይቻላል! አሳይዎታለሁ!" አልኩ። አፌ ሁልጊዜ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ነው የሚነሳው።

"መልካም። ነገ በእረፍት ሰዓት አሳየኝ። ካቃተህ ግን ቅዳሜ ሻይ ቤት ዝር እንዳትል፤ ለአባትህ ነው የምነግረው።"

ያ ቅዳሜ ደግሞ የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል የሚታይበት ነው! ዓለም ያለቀችብኝ መሰለኝ።

ሁዳዴ ስለነበር ቤታችን እንቁላል ሞልቷል፤ ዶሮ እንደሆነ አይጾምም። ከእናቴ ቅርጫት ሦስት አነሳሁ። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ ክንዴ ላይ በሲባጎ አሰርኩ። ዓርብ ጠዋት ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ነፋሱ አቧራ ይነሰንሳል፣ ግቢው በተማሪ ጢም ብሏል። ጓደኛዬ ሲሳይ የውሃ ሮቶው መቆሚያ ላይ ወጥቶ አንዱን እንቁላል ለቀቀው። እኔ እንደ ጀግናው እግሬን አንፈራጥጬ፣ ክንዴን ገትሬ፣ አፌንም ከፍቼ ጠበቅኩ። አፍ መክፈቱ እቅዱ ውስጥ አልነበረም።

ጧ! ቆርቆሮው ላይ ፈረጠ። ግማሹ ዓይኔ ላይ፣ ግማሹ አፌ ውስጥ።

"ገደፈ! ገደፈ!" አለ ግቢው በሙሉ።

"ልጅቷን ነፍስ ይማር" አሉ ቲቸር ደሳለኝ።

ሁለተኛውም ፈረጠ። ያኔ ለተብርሃን የምትባል ልጅ በኸምጣንጋ ቋንቋ የሆነ ነገር ብላ ሳቀች። ለተብርሃን ከጽጽቃ ስንቋን ተሸክማ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር የክፍላችን ልጅ ናት። ብዙ አታወራም።

"ምን አልሽ?" አልኳት አስኳሉን ከዓይኔ እየጠረግሁ።

"ክንድህ እንጨት ነው አልኩ። ዞር በል እስኪ። ቲቸር፣ አንዴ ልሞክር?"

ባዶ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ሲሳይ የመጨረሻውን ለቀቀው። እንቁላሉ መዳፏን ሲነካ አልገታችውም፤ እጇ አብሮት ወረደ፣ ጉልበቷ አብሮ ታጠፈ፣ መሬት ሊደርሱ ሲሉ ቀስ ብላ ቆመች። መዳፏን ከፈተችው። ደህና ነው! ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለውም!

"አባቴ ገደል ላይ ማር ይቆርጣል" አለች። "ከሥር ሆነን ስንጠብቅ የማሩ ቅል አምልጦት ሲመጣብን፣ 'አትጋፈጡት፣ አብራችሁት ውረዱ' ነው የሚለን።"

ቲቸር ደሳለኝ ዘለሉ። እውነቴን ነው፣ ዘለሉ! "ጊዜ! የመቆሚያውን ጊዜ አረዘመችው! ጊዜው ሲረዝም ኃይሉ ያንሳል!" እያሉ ጠመኔ ከኪሳቸው አውጥተው ጥቁሩ ሮቶ ላይ ቀመር ይሞነጭሩ ጀመር።

"ታዲያ ይቻላል ብዬ አልነበር? ተቻለ እኮ!" አልኩ።

"በአንተ መች ተቻለ?"

አፌ ላይ የቀረውን አስኳል ጠረግሁ። ዘግይቼ ቢሆንም።

"ይፍቀዱለት ቲቸር" አለች ለተብርሃን እንቁላሉን እያስጨበጠችኝ። "እሱ ከሌለ ማን ይተረጉምልናል?"

ቲቸር ሮቶውን፣ ከዚያ እኔን አዩ። "እሺ። ግን እኔም እመጣለሁ።"

መጡም፤ የፊት ወንበሬንም ወሰዱብኝ። መጨረሻው ላይ አንዲት ሕፃን ከድልድይ ወደቀች። ጀግናው ከሥር ክንዱን ገትሮ ቆመ። ሻይ ቤቱ በአንድ ድምፅ "ውረድ! አብረህ ውረድ!" አለ። የሚሰማ የለም፣ እንደ ግንድ ተገትሮ ተቀበላት። ቲቸር ደሳለኝ ራሳቸውን ይዘው "ገደላት!" ብለው ሲጮኹ፣ በር ላይ የነበሩ አንድ ገበያተኛ አዛውንት ደንግጠው "ማን ነው የሞተው?" አሉ።

ቀመሩን ዛሬም አላስታውሰውም። የንስሐ አባቴ ያዘዙኝን ስግደት ግን ጉልበቴ አይረሳውም። ያንን ጀግና እየጮህን ያረምንበትን ደስታም እንዲሁ።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። "አባዬ፣ ናማ! ይኼኛው ጉልበቱን አጠፈ!"

"የታለ?" ብዬ ዘልዬ ስነሳ መነጽሬ ከግንባሬ ተንሸራተተ። ክንዴን ገትሬ ቀረሁ፤ ጉልበቴም አልታጠፍ አለኝ። ልጄ እጇን ሰደደች፣ ከመነጽሩ ጋር አብራ ወረደች፣ ምንጣፉ ጋ ስትደርስ ቀስ ብላ ቆመች።

ደህና ነው። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ነበር።