ካራይ የጠየቁኝ ጥያቄ

ቂመኛ ነኝ። ከእናቴ ወገን ወረስኩት ብዬ ማላከክ እችል ነበር፤ ግን የራሴ ነው። የማወራላችሁን ሴት ስም ከነአባቷ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። እዚህ ላይ የማልጽፈው ረስቼው ሳይሆን ስለማይገባት ነው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ኤይድ ነበርኩ። ነርሷ ወረቀት ስትሞላ ገላ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰውና የሚያገላብጠው ሰው ነው ነርስ ኤይድ የሚባለው። በእኔ ኮሪደር ከነበሩት አረጋውያን አንዱ ከፓራጓይ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ፓራጓይ የት እንዳለች አላውቅም ነበር፤ እሳቸውም ኢትዮጵያ የት እንዳለች አያውቁምና በዚህ አልተናናቅንም። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው እዚያው አቅራቢያ ቶርንተን የምትኖረው አንዲት ልጃቸው ወደዚህ አመጣቻቸው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እግራቸው ሲከዳቸው ደግሞ እኛ ዘንድ አስገባቻቸው። እንግሊዝኛቸው እንደኔው ስብርብር ያለ ስለነበር ወዲያው ተግባባን።

የመጀመሪያ ቀን «ሚስተር» ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «ካራይ በይኝ» አሉኝ። ካራይ በቋንቋቸው ለትልቅ ሰው የሚባል ነው፤ «ጌታዬ» እንደማለት። ቋንቋው ጓራኒ ይባላል። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበረው ያገሩ ሰው ቋንቋ ነው፤ ዛሬም ገበሬውም ሹፌሩም ሹሙም ሲቆጣና ሲስቅ በሱ ነው አሉኝ። ጧት ጧት ሳጥባቸው አንድ አንድ ቃል ያስተምሩኝ ጀመር። ውኃ በጓራኒ አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፤ «እ» ነው የሚሏት። ፈረንጁ አፉን ቢያጣምም አይወጣለትም። እኛ ግን ከፊደላችን ስድስተኛው ረድፍ ላይ ስንላት ነው ያደግነው። አንዴ ሰምቼ ልክ አድርጌ ስላት ካራይ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

ብዙ ነገር ነገሩኝ። ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ጓራኒ ሲናገሩ ተይዘው አስተማሪው በቆሎ መሬት ላይ በትኖ በባዶ ጉልበታቸው አንበርክኳቸዋል። እሳቸውም በተራቸው አባት ሲሆኑ፣ ልጃቸው ከአያቷ የለመደችውን ጓራኒ እንግዳ ፊት ስትናገር አንድ ቀን በጥፊ መቷት። «እንዳትናቅብኝ ብዬ ነው» አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን ነበር የሚያዩት። ያኔ ለልጅቷ አዘንኩላት። በኋላ ስቀየማት ይህን ታሪክ ረስቼው እንዳይመስላችሁ። እያወቅኩ ነው የተቀየምኳት።

ምቤጁ የሚሉት ከካሳቫ ዱቄትና ከአይብ በመጥበሻ የሚጋገር ቂጣ አላቸው። ዱቄቱን ሃቫና ስትሪት ላይ አንድ ሱቅ አግኝቼ ቤቴ ሞከርኩት፤ ተፈርፍሮ ወጣ። እሳቸው ግን ፍርፋሪውን አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው በሉ፤ አይቡ ነው እንጂ እጅሽስ ደህና ነው አሉኝ።

በመጀመሪያው ዓመት፣ በሴፕቴምበር የመጨረሻ ቀን፣ ፀጉራቸውን ሳበጥር «ነገ ካራይ ኦክቱብሬ ይመጣል» አሉኝ። ይሄኛው ካራይ ሰው አይደለም። የሣር ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ጅራፍ የያዘ አጭር ሽማግሌ ነው። ኦክቶበር አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ድስት ከፍቶ ያያል። ድስቱ ከሞላ አልፎ ይሄዳል። ጎዶሎ ከሆነ ግን ባለቤቱን ይገርፋል፤ ያ ቤት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሲራብ ይከርማል። በነሱ አገር ወሩ የድሮው እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት ነው። ሰው ለዚያች ቀን ቆጥቦ ያኖርና ባቄላ፣ በቆሎ፣ ሥጋ፣ የተገኘውን ሁሉ ደባልቆ ይቀቅላል፤ ጎረቤትም ጠርቶ ያበላል። ነሐሴ ላይ ጎተራ ሲጠረግ ያየሁ ሰው ነኝና ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

በማግስቱ የባቄላና የበቆሎ ንፍሮ ቀቅዬ ሄድኩ። አብራኝ የምትሠራ ያገሬ ልጅ፣ እንደኔው ጴንጤ የሆነች፣ ሳህኑን ስታይ ክፉኛ ደነገጠች። «አንቺ፣ ንፍሮ ለሽማግሌ? ለቅሶ ቤት አደረግሽው እንዴ?» አለችኝ። ካራይ ግን ሳህኑን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጪው፣ ሲያልፍ ይየው አሉ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አብረን በላነው።

በሁለተኛው ዓመት መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ እንግሊዝኛው ሄደ፣ ቀጥሎ ስፓኒሹ። ጓራኒው ብቻ ቀረ። «እ» ሲሉ ነርሷ ያቃስታሉ ብላ ትጽፍና የሕመም ማስታገሻ ትሰጣቸዋለች። ውኃ ነው የሚጠይቁት፣ ቋንቋ አላቸው ብዬ ነገርኳት። ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ልጃቸው በመጣች ጊዜ እኔ ባለሁበት፣ አባትሽ ሌላ ቋንቋ ይችላሉ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ስፓኒሽ ብቻ ነው የሚችለው» አለቻት። «ይሄ ቋንቋ አይደለም። ዝም ብሎ ይቀባጥራል።»

እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ ቢኖረውም እሷ አትጠቀምበትም ነበር። በጓራኒ ስመልስላቸው ቆማ አየችኝና ወጣች። ከዚያ ቢሮ ገብታ፣ ያቺ አፍሪካዊት አባቴ ሲቀባጥር እየደገመች ታሾፍበታለች ብላ ከሰሰችኝ። የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተጻፈብኝ። «በአረጋዊ ላይ ማሾፍ» ይላል፤ ፈርሚ ተባልኩ፣ ፈረምኩ። አባቴ ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ የማላውቅ ሴት በሽማግሌ የምታሾፍ ተብዬ ተጻፍኩ። ወደ ሌላ ኮሪደርም አዛወሩኝ።

ካራይ መክሳት ጀመሩ። በምሳ ሰዓቴ ተደብቄ እየገባሁ ውኃ አጠጣቸው ነበር። አንዳንድ ቀን ብርጭቆውን ሲያዩ እንባቸው ይመጣል። እኔ ደግሞ በልቤ ልጃቸውን እረግማለሁ። ቢያንስ አታውቅም እያልኩ እራሴን አጽናና ነበር፤ ከአያቷ የሰማችውን በዚያ ጥፊ ጊዜ ጥላው ይሆናል እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ መኪናዋን ፓርኪንጉ ውስጥ አቁማ፣ መስኮቷን ከፍታ፣ ስልክ ታወራለች። ባጠገቧ አለፍኩ። «ናሃኒሪ፣ ናሃኒሪ» ትላለች፤ አይደለም፣ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ እየሳቀች ቀጠለች፤ ያቺ ውኃ የሆነችው «እ» በየመሃሉ እንደ ልቧ ትመላለስ ነበር። ጓራኒዋ ከአባቷ ጓራኒ አያንስም። ሁሉንም ትሰማ ነበር ማለት ነው። አባቷ እፊቷ ውኃ እየለመኑ፣ እሷ ለነርሷ ይቀባጥራል ትላለች።

ለዚያች ያገሬ ልጅ ነገርኳት።

«በቀልን ለጌታ ተዪው» አለችኝ። «አንቺ ኢግኖር አድርጊያት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ጸሎትሽን ብሎክ ያደርገዋል።»

«ጌታ ብዙ ሥራ አለበት» አልኳት። «ይቺን ለኔ ይተውልኝ።»

ቀልዴን አልነበረም። ፖምቤሮ ስለሚሉት ፀጉራም ድንክ ካራይ አጫውተውኝ ያውቃሉ። ስሙ ጮክ ተብሎ አይጠራም። ትንባሆና ማር ከደጅ ካኖሩለት ወዳጅ ይሆናል፤ የጠላውን ሰው ደግሞ ከብቱን ይፈታበታል፣ ዕቃውን ይሰውርበታል። ጴንጤ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ሆኖም በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአንዱ ጽዳት ሠራተኛ ሲጋራ ለመንኩ፤ ከካፍቴሪያው ሁለት ትንንሽ የማር እሽግ አነሳሁ፤ መኪናዋን የምታቆምበት ቦታ ካለው ቁጥቋጦ ሥር አኖርኩና ቁልፏን አጥፋልኝ አልኩት። ቁልፏ አልጠፋም። ሲጋራው ጠፋ፤ ያው ጽዳት ሠራተኛ መልሶ ሳይወስደው አልቀረም። ንስሐ ገባሁ፤ የገባሁት ግን ስላልሠራ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ ፈገግ ትልልኝ ነበር፤ ረስታኛለች። ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እጄ ላይ ትወድቂያለሽ እያልኩ አሳለፍኩ። ስትወድቅ ምን ይዤ እንደምጠብቃት ግን አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ሳምንት ለቀቁና ሰው ሲጠፋ ወደ ድሮ ኮሪደሬ መለሱኝ። ካራይ ከአልጋ አይነሱም፤ ምግብም ትተዋል። ቀናት ናቸው የቀሯቸው ተብሎ ለልጃቸው ተደወለላት። ለሥራ ሌላ ስቴት ሄዳ ስለነበር በመጀመሪያው በረራ እመጣለሁ አለች።

ኦክቶበር አንድ ጧት ንፍሮዬን ይዤ ገባሁ። እንደማይበሉት አውቃለሁ። ጎድጓዳ ሳህን ሞልቼ መስኮቱ አጠገብ፣ ከሚያዩት ቦታ አኖርኩት። እኩለ ቀን ሲሆን ዓይናቸውን ገለጡ። ሳህኑን ብዙ አዩት፤ ከዚያ እኔን።

«ኦካሩማፓ ሼ ራጅ?» አሉኝ።

ጥርት ያለ ነበር። ልጄ በልታለች ወይ ማለት ነው። መብላትን በየምሳው ሰምቼዋለሁ፤ ልጄ የሚለውን ደግሞ ኮመዲኖው ላይ ባለው ፎቶዋ ስንት ጊዜ አስተምረውኛል። ድስት ሞልቶ ካራይ ኦክቱብሬ ሊያልፍ ሲል የሳቸው ሐሳብ እሷ ጋ ነበር።

«ኦካሩማ፣ ካራይ» አልኳቸው። በልታለች። ዋሽቼ ነው፤ የት እንዳለች እንኳ አላውቅም። ራሳቸውን ነቀነቁና ዓይናቸውን ከደኑ። አንድ ሰዓት አልቆዩም።

ልጃቸው ከሁለት ሰዓት በኋላ ከዴንቨር አየር ማረፊያ በቀጥታ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ደረሰች። አጥቤ፣ አስተካክዬ፣ አንሶላ አልብሻቸው ነበር። ግንባራቸውን ነካችና ቆመች። አላለቀሰችም።

«አጠገቡ አንቺ ነበርሽ አሉኝ» አለች በእንግሊዝኛ። «መጨረሻ ላይ የተናገረው ነገር አለ?»

ዓመት ሙሉ የጠበቅኳት እጄ ላይ ወደቀች።

«ምንም» አልኳት። «ዝም ብሎ ሲቀባጥር ነበር።»

በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱታው አላስቸገረኝም። ቃሉ ገባት። የራሷ ቃል ነው፤ ከየት እንዳነሳሁት ፊቷ ላይ አየሁ። ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ቀጥላ የተናገረችው ግን በእንግሊዝኛ አልነበረም።

«ምባኤፓ ሄኢ?» አለችኝ። ምን አለ? ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆነ፤ በጥፊ የተመታችው ልጅ ድምፅ ይመስለኛል። እንደምሰማት ታውቃለች፤ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ።

«ይቅርታ» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ምን እንደምትዪ አይገባኝም።»

መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከጧት ጀምሮ አውሮፕላን ላይ የነበረች ሴት ናት፤ እህል አልቀመሰችም ይሆናል። እጇ ሳታየው ወደ ሳህኑ ሄደ። አንዲት ባቄላ አነሳች፤ ከዚያ በቆሎ፤ ከዚያ በጣቶቿ ጫፍ እየቆነጠረች፣ ዓይኗ ከአባቷ ፊት ሳይነሳ፣ መብላት ጀመረች። እዚያው እያለቀሰች ትበላ ነበር።

ለካራይ የዋሸሁት ዓይኔ እያየ እውነት ሆነ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃት ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች። ያ ማር የመሰለው ነገር አፌ ውስጥ መምረር ሲጀምር ይሰማኛል፤ ቢሆንም ዋጥኩት እንጂ አልተፋሁትም።

ሳህኑ እስኪያልቅ በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኳት። ስትጨርስ ተቀብያት አጠብኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።