ክንዴን ያቃናሁበት ሰመር

ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ራሴ ገብቼ ስጫወት ነው። ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሚነርቫ ፓርክ ታላቅ ወንድሜ ቤት እየኖርኩ፣ ሂሊያርድ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ አሽግ ነበር። ከጎኔ የምትሠራው ህንዳዊት አገሯ ሳለች ለክፍለ ሀገሯ ቡድን ተጫውታለች፤ እዚህም ቅዳሜ ቅዳሜ የሴቶች ቡድን ትመራለች። አንድ ዓርብ ኮል አደረገችኝ።

"አንድ ሰው ጎድሎናል። አሥር ነን፤ አሥራ አንድ መሙላት አለብን።"

"እኔ እኮ ምኑንም አላውቀውም!"

"አትወቂ። ዳር ላይ ቁሚ፤ ኳስ ወዳንቺ ከመጣ መልሺልኝ፣ በቃ።"

ዳር ላይ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ያህል ማንም አላስታወሰኝም። ከዚያ ኳሷ ወደ እኔ ተንከባለለች፤ ቀይ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረች። ሁለት የተቃራኒ ቡድን ሴቶች የመምቻ ዱላቸውን ይዘው ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ። ሜዳው መሀል የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች አነጣጥሬ ለቀቅኳት። ሃይስኩል እያለሁ የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበርኩና እጄ ዒላማ አይስትም። እንጨቶቹ ተበታተኑ። የቡድኑ ልጆች እየጮኹ መጥተው ሲከመሩብኝ፣ ጥፋት የሠራሁ መስሎኝ "ሶሪ፣ ሶሪ" እላለሁ። ለካ ሯጯ መስመሯ ላይ ሳትደርስ እንጨቱን ስለጣልኩት ከጨዋታ ወጥታለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ባልደረባዬ አለቀቀችኝም። ቦውለር ትሆኛለሽ አለችኝ፤ እየሮጠች መጥታ ኳሱን ለመቺዋ የምትወረውረው ማለት ነው። ችግሩ፣ እዚያ ክርን አጥፎ መወርወር ክልክል ነው። ክንድ ቀጥ ብሎ ከራስ በላይ መዞር አለበት። የመጀመሪያ ቀን ኳስ በለቀቅኩ ቁጥር ዳኛው ክርኔን አይቶ እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ አይቆጠርም ማለቱ ነው። አምስቴ ሲዘረጋ ዕንባዬ መጣ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ባልደረባዬ ካርቶን ቆርጣ ክርኔ ላይ ጠቀለለችና በማሸጊያ ቴፕ አሠረችው። ክንዴ አልታጠፍ አለ። "ቤትሽ እንዲህ ሆነሽ ተለማመጂ" አለችኝ።

የወንድሜ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ተለማመድኩ። በሳምንቱ አንዷ ኳስ አምልጣኝ የመኪናውን የጎን መስታወት ገነጠለችው። ወንድሜ ወጥቶ መሬት የወደቀውን መስታወት አየ፤ ቀጥሎ ካርቶን የለበሰ ክንዴን አየ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

"ምንድን ነው ይሄ? ገና ነው እንዴ የምትጫወቱት?"

"እሱን ይመስላል።"

"እንግዲያማ በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ" ብሎ እየሳቀ ገባ። ከማግሥቱ ጀምሮ መኪናውን መንገድ ላይ ማቆም ጀመረ።

ሰመሩ ሳያልቅ ካርቶኑን ጣልኩት። በሁለተኛው ዓመት በከተማው ሊግ ብዙ መቺ ያስወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ የኦሃዮና የአጎራባች ስቴቶች ምርጥ ቡድንም ወሰደኝ። ወንድሜ የሚታጠፍ ወንበሩን ጭኖ ሩቅ ሩቅ ይነዳኝ ጀመር። ሕጉ አልገባውም፤ የኛ ሰው ስትወጣም ያጨበጭባል። "ጋሼ፣ እሷ እኮ የኛ ናት" ስለው፣ "ጥሩ ስለሮጠች ነው" ይላል።

ከብሔራዊ ቡድን መራጮች አንዷ አይታኝ አነጋገረችኝ። አሜሪካን ለመወከል ሦስት ዓመት መኖር ያስፈልጋል፤ እኔ ዘጠኝ ወር ቀረኝ። እስከዚያ ይረሱኛል ብዬ ለባልደረባዬ አለቀስኩባት።

"ዘጠኝ ወር?" አለችኝ። "በዘጠኝ ወር እኮ ሰው ይወለዳል! አንቺ አንዲት አዲስ አወራወር መማር ያቅትሻል?"

የበረዶውን ወራት ሙሉ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ኳስ አስተማረችኝ። ሩጫው ያው፣ የክንዱም ፍጥነት ያው፣ ኳሷ ግን ዘግይታ የምትደርስ።

የምርጫው ልምምድ ላይ መቺዋ የመጀመሪያ ኳሴን ከአጥር ውጭ ላከችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛ ላይ ያቺን ዘገምተኛ ለቀቅኳት። መቺዋ ቀድማ ዱላዋን አወናጨፈች፤ ኳሷ ተረጋግታ ደረሰችና የመሀሉን እንጨት ጣለችው። መቺዋ ራሷ ሳቀች።

የምርጫው ውጤት በኢሜይል የመጣው በምሳ ሰዓት ነው። ማንበብ አቅቶኝ ስልኩን ለባልደረባዬ ሰጠኋት። አነበበችና የዕቃ መጫኛ ፓሌት ላይ ወጥታ ጮኸች። ሠራተኛው ሁሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበልን። ስትወርድ ፊቷ ርሷል።

"እኔ በአገሬ ብሔራዊ ቡድኑ ደጃፍ ድረስ ደርሼ ነበር የተመለስኩት" አለችኝ። "አንቺ ግቢ።"

ወጥቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

"ተመረጥሽ?"

"ስብስቡ ውስጥ ነኝ። ለጨዋታ የሚሰለፉት ከዚያ ይመረጣሉ።"

መኪናውን ዳር ሲያስይዝ ሰማሁት። ከዚያ፣ "ማልያው ጀርባ ላይ የአባታችንን ስም ነው የሚጽፉት?" አለኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

አፍንጫውን ሲያብስ ሰማሁ።

የልምምዱን ማልያ የተቀበልኩ ዕለት ጀርባውን ፎቶ አንስቼ ላኩለት። አንድ ፊደል ተሳስተዋል። ወንድሜ ግን ፎቶውን አሳጥቦ ሳሎን ሰቅሎታል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያን የማይገባውን ጨዋታ ቁጭ አድርጎ ያስረዳል።