«ጠፍ» ለሚለው ያገኘሁት እንግሊዝኛ

ሁለት ቃል በጭረት አጋብቶ አንድ ቅጽል ማድረግን የተማርኩት ጎባ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን «በእኛም ቋንቋ አለ እኮ» አለን። «ልበ ሙሉ፣ አፈ ጮሌ፣ ራሰ በራ ትሉ የለም? ፈረንጅ መሐሉ ላይ ጭረት ያደርግበታል እንጂ ያው ነው።» ይቺ «ያው ነው» ጉድ ሠራችኝ። በማግስቱ አባቴን ላወድስ ብዬ፣ ሆደ ሰፊ ለማለት፣ «ዋይድ-ቤሊድ» ብዬ ጽፌ ሄድኩ። ለካ ትዕግሥተኛ ያልኩትን ሰው ቦርጫም አድርጌዋለሁ! ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ እኔ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝና መዝገበ ቃላቱን እያገላበጥኩ ደብተሬን በጭረት ሞላሁት። በተለይ «ሎንግ» የምትለዋን ወደድኳት፤ ከፊት ከገባች የማትጋባው ቃል የለም። ሎንግ-ሌግድ፣ እግረ ረጅም። ሎንግ-ሰትልድ፣ ከድሮ ጀምሮ ሰው የኖረበት። ሎንግ-አባንደንድ፣ ሰው ከተወው የቆየ።

አያቴ ጠመንጃ ተሸክመው ወደ ባሌ ደጋ ከወጡት ሰፋሪዎች አንዱ ነበሩ። ከሮቤ ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ያኔ በቃል ተሰጣቸው፤ በአባቴ ዘመን የመለኪያው ገመድ፣ ቀላዱ፣ ተጣለበትና በወረቀት ጸና። ቀያሾቹ መሬትን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። የሚታረሰው ለም ነው፣ ገሚሱ የሚታረሰው ለም-ጠፍ፣ ሞፈር ያልነካው ደግሞ ጠፍ። ከብት ይዋልበት፣ ሰው ይወለድበት፣ ይቀበርበት፣ ሞፈር ካልነካው ጠፍ ነው፤ አለቀ! እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ይሄ ነገር ቅንጣት ታህል አልከነከነኝም።

አንድ በጋ፣ ትምህርት ለጥቂት ቀን ተዘግቶ እቤት ሳለሁ፣ ለስንዴ እርሻ የሚሆን ቦታ የሚመርጥ ፈረንጅ መጣ። አስተርጓሚው ታሞ ቀረበት። አባቴ «የኔ ልጅ እያለች!» ብሎ አቀረበኝ። ፈረንጁ ገና ከመነሳታችን አንድ ነገር አስረግጦ ነገረኝ፤ ሰው ያለበት መሬት ላይ ትራክተር እንዲገባ አይፈርምም። ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት። «እንግዲህ አፍሽን አሳምሪ» አለኝ። እርሻው ከተሳካ አዲስ አበባ ልኮ ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር።

በጋ ስለሆነ የሜዳው የጥንት ነዋሪዎች ከብታቸውን ይዘው ለግጦሽ ወደ ሃረና ጫካ ወርደዋል። ሜዳው ላይ የነበሩት አንድ የዘመመ ጎጆ፣ አጥሩ የፈረሰ በረት፣ በድንጋይ የተከበበ መቃብርና ቦታውን ሊጠብቁ የቀሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የምጠራቸው «አካኮ» ብዬ ነው፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። ለአባቴ ቅቤ ሲያመጡ ለእኔ ለብቻዬ በቅል እርጎ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር።

ፈረንጁ የፈረሰውን በረት አየና «ይህ ምን ዓይነት ቦታ ነው?» አለኝ።

«ጠፍ ነው በይው» አለ አባቴ።

ሽማግሌው አማርኛው አልገባቸውም። እጄን ያዝ አድርገው በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ከብቶቻችን ሃረና ናቸው፣ ዝናብ ሲጥል ይመለሳሉ በይልኝ። አባቴም እዚሁ ነው የተቀበረው በይልኝ» አሉኝ።

ፈረንጁ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ሎንግ-ሰትልድ፣ ሎንግ-አባንደንድ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱም ምላሴ ላይ ነበሩ። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት።

«ሎንግ-አባንደንድ ላንድ» አልኩ።

ፈረንጁ «ይህን የመሰለ ቃል ከየት ተማርሽው?» ብሎ ሳቀና ጻፈው። እኔም ደስ አለኝ። አፈር ልብላ፣ ደስ አለኝ! ያ የሳቀብኝ ክፍል ሁሉ በሰማ ብዬ ተመኘሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔስ ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ መርጬ ነው ያልኩት።

«ነገርሽልኝ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ነገርኩልዎት፣ አካኮ።»

«ረቢ ሲ ሃ ጉዲሱ» አሉኝ፤ ፈጣሪ ያሳድግሽ ማለታቸው ነው። በሁለት እጃቸው ራሴን ዳበሱኝ።

ትራክተሩ የገባው ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ ከብቱ ከሃረና ሳይመለስ ነው። ጎጆውንም በረቱንም ጠራርጎ፣ የመቃብሩን ድንጋይ ገልብጦ አለፈ። እኔ ይህን የሰማሁት ጎባ፣ ትምህርት ቤት ሆኜ ነው። ምሳ መብላት አቃተኝ፤ ለማን ይነገራል?

በሳምንቱ ሽማግሌው ከሮቤ ጎባ ድረስ በእግራቸው መጡ። ከክፍል ስወጣ የግቢው በር ላይ ቆመው አየኋቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ምነው በረገሙኝ! እሳቸው ግን ጓደኞቼ እንዳይሰሙ ነው መሰል፣ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ «ያ ፈረንጅ የነገርሽውን ረስቶታል። እባክሽ አንድ ጊዜ ደግመሽ ንገሪልኝ።»