ዌንዴል የቀባው ሐምራዊ መስመር

ባሌ ዌንዴል ዕድሜውን ሙሉ ያልለመደው ነገር ቢኖር መናገር ነው። የወተት ቦቴ ይነዳል፤ ከገበሬዎቹ ላሞች ጋር የሚያወራው ከእኔ ጋር ከሚያወራው ሳይበልጥ አይቀርም። የአጋዘን አደን ሊከፈት ሲቃረብ ግን ጢሙን ይላጫል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ሄዶ የወይዘሮ ዩኒስን በር ያንኳኳል። ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ የእሳቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ጊደሮች ያረባሉ። አንድም ዓመት እምቢ ብለውት አያውቁም። እሱ ግን "ዘንድሮስ ይፈቅዱልኛል?" ሳይል ከአጥራቸው አያልፍም። አጋዘኑን ከጣለ በኋላ ሽንጡ የእሳቸው ነው። የቀረው ሥጋ የበረዶውን ወራት ያሻግረናል።

ጠመንጃው አንድ ነው፣ የአባቱ። ከአደኑ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ጥይት ተኩሶ ማነጣጠሪያውን ያስተካክላል። ከዚያ በዓመቱ አንዴ ቃታ ይስባል፣ ወልውሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ስለ ጠመንጃ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሰው ስለ አካፋው ምን ያወራል?

የወንድሜ ልጅ ትሬቨር ደግሞ ሌላ ነው። ጥቁር ጥቁር ጠመንጃዎቹን ግድግዳ ላይ ደርድሮ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። አጋዘን ገድሎ አያውቅም፤ ደም ሲያይ ራሱን ያዞረዋል። ደስታው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ካዝና ጥይት ባንድ ትንፋሽ ማራገፍ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ መኪናዬ ስትቆም ቀድሞ የሚደርስልኝ እሱ ነው።

"አጎቴ፣ ያንን የሙዚየም ዕቃ መቼ ነው የምትጥለው?" አለው አንድ እሁድ ምሳ ላይ።

"ይሠራል" አለ ዌንዴል ድንቹን እየቆረጠ።

"ብትስትስ? አጋዘኑ እስክታጎርስ ቆሞ ይጠብቅሃል?"

"ከሳትኩ ወደ ቤቴ እመጣለሁ።"

ትሬቨር በሳቅ ፈረሰ። "ለማንኛውም እኛ የጠመንጃ ሰዎች አንድ ነን። ዛሬ መንግሥት የእኔን ከወሰደ ነገ ያንተን ነው።"

ዌንዴል ቀና ብሎ አየው። "እኔ የጠመንጃ ሰው አይደለሁም" አለና ወደ ድንቹ ተመለሰ።

እዚያው ላይ ቁጭ አድርጎ ልዩነቱን ማስረዳት ነበረበት። አላስረዳም።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ትሬቨር ጓደኞቹን ይዞ የወይዘሮ ዩኒስ ኮረብታ ላይ ወጣ። እዚያ ድሮ ጠጠር ይወጣበት የነበረ ጉድጓድ አለ። አሮጌ ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥንና ጠርሙስ ደርድረው ከሰዓቱን ሙሉ ሲያንጣጡ ዋሉ። ፈቃድ የጠየቀ የለም። "የአጎቴ ማደኛ አይደል እንዴ?" ነው ያለኝ በኋላ።

በማግስቱ ዌንዴል ባልዲ ይዞ ወጣ፤ ጊደሮቹ ሳይረግጡት ስብርባሪውን ሊለቅም፣ የጥይቱን ቀለህ ሊያነሳ። ተንበርክኮ ሲለቅም ወይዘሮ ዩኒስ ከዘራቸውን ይዘው ከበላዩ ቆሙ። የተባባሉትን ኋላ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

"ዌንዴል! ይሄ የማን ሥራ ነው?"

"አጸዳዋለሁ፣ ወይዘሮ ዩኒስ።"

"አጽዳ መች አልኩህ? የማን ነው ያልኩህ!"

"ሳይመሽ ንጹሕ ይሆናል።"

የሚስቱ ዘመድ ስም እንዳይነሳ ብሎ ነው። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ የዌንዴል ሆድ ስንቱን ፈጀ!

የመጠየቂያው ጊዜ ሲደርስ እንደ ልማዱ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ ሄደ። ቶሎ ተመለሰ።

"ምን አሉህ?"

"ዘንድሮ ማንም አይገባም አሉ።"

"አንተም?"

"ማንም።" ጃኬቱን ሰቀለ። "ድንበሩ ላይ ያሉትን ዛፎች ሊያስቀቡ ነው።"

እኛ ፔንስልቬንያ ውስጥ ዛፍ ላይ ሐምራዊ ቀለም ከታየ ክልክል ነው፣ ዝር እንዳትል ማለት ነው።

"ማን ሊቀባላቸው? በዚያ ጉልበታቸው ኮረብታ አይወጡ!"

ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

"ዌንዴል!"

"ቀለሙን ገዝተው በረንዳው ላይ አስቀምጠውታል" አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ጣሪያቸውን የሚጠግነው እሱ፣ በረዷቸውን የሚጠርገው እሱ፤ ታዲያ ማንን ይለምኑ? ከዛፍ ዛፍ እየሄደ፣ መስመሩን ቀጥ አድርጎ፣ ራሱን ውጭ እያስቀረ ቀባው። ቤት ሲገባ ጣቶቹ ሐምራዊ ነበሩ። ጎረቤት እስኪሰማኝ ጮህኩበት። እሱ እጁን በጨርቅ ይፈትጋል።

አደኑ የተከፈተ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ተነሳ፣ ብርቱካናማ የአደን ጃኬቱን ለበሰና ወጥ ቤት ተቀመጠ። የመንግሥት ጫካ አለ፤ ግን እዚያ ከአጋዘኑ አዳኙ ስለሚበዛ አይወደውም። ሲነጋጋ ከሌሎች ኮረብቶች አንዳንድ ተኩስ ይሰማ ጀመር። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ ትሬቨር ነው። "አጎቴ፣ ምን ያስቆዝምሃል? ና ተኩስ ሜዳ እንሂድ፣ ጥይቱ በእኔ!"

"አመሰግናለሁ፣ ልጄ" ብሎ ዘጋው።

ቁልፌን አነሳሁ። መኪናዬን አስነስቼ ወይዘሮ ዩኒስ ቤት ሄድኩ።

"የወንድሜ ልጅ ነው!" አልኳቸው ገና ከበሩ። "ዌንዴል አይደለም።"

"ዌንዴል ማቀዝቀዣ ላይ ይተኩሳል? ሞኝ አደረግሽኝ እንዴ?"

"ታዲያ ለምን ከለከሉት?"

"ልጁ በማን ስም ነው የገባው? በዌንዴል ስም። እሱ ደግሞ ባንድ ቃል ሊያስቆመው አልፈለገም። ነገ ሌላው ይመጣል። እኔ አሮጊቷ መስኮት ላይ ተጥጄ አዳኙን ከተኳሹ ስለይ ልዋል?"

በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል ማለት ይሄው ነው። የበለጠ ያናደደኝ ግን እውነታቸውን መሆኑ ነው። ልወጣ ስል ጠሩኝ። "አርሊን፣ ሌላ ቦታ ማደኑ መቼም አይቀርም። ሽንጤን እንዳይረሳ።"

ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። "ሂድና 'ሽንጥ የለም' በላቸው! በሕይወትህ አንዴ እንኳ ተናገር!"

ዌንዴል ተነስቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ለገና ብዬ በረዶ አድርጌ ያስቀመጥኳት፣ ከአምናው አጋዘን የተረፈች አንዲት ጥቅል ሥጋ ነበረች። እሷን ይዞ ኮፍያውን ደፋ።

"የአምና ነው በላቸው!" ብዬ ከበረንዳው ጮህኩበት።

"ከጠየቁኝ" አለ።

በኮረብታው በኩል ቢያቋርጥ ቤታቸው ቅርብ ነው። እሱ ግን የቀባው መስመር ጋ ሲደርስ ታጠፈና በአስፋልቱ ዞሮ ሄደ።