በውሃ ላይ የሄድኩ ለት

በጋምቤላ ከተማ ውስጥ በውሃ ላይ የሄደ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ ጉረኛ ቢያንስ ተከራካሪ አያጣም፣ እኔ ግን ተከራካሪ የለኝም። ከድልድዩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ማንንም ብትጠይቁ «ጴጥሮስን ነው?» ብሎ ቤቴን ያሳያችኋል። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ኦጁሉ ነው። ጴጥሮስ የተባልኩት ከካናዳ ከተመለስኩ በኋላ ነው። እርግጥ ነው፣ ውሃው በረዶ ነበር። እርግጥ ነው፣ በላዩ ላይ የጭነት መኪና ያልፍበት ነበር። ግን በረዶ ከምን ይሠራል? ከውሃ አይደለም እንዴ?

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። የእህቴ ልጅ አሪየት ነርስ ናት፤ ለትምህርት ካናዳ ልትሄድ ቪዛዋ ወጥቶላታል። ደስታውን ለማክበር ባሮ ዳር ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠን የተጠበሰ አሳ በሚጥሚጣ እየበላን ነበር። ሙቀቱ ያው የእኛ ሙቀት ነው፤ ድንጋይ ያልበዋል። ውሃው ቀንሶ አሸዋው ወጥቷል፤ ልብስ የሚያጥቡት ያጥባሉ፣ የሚዋኙት ይዋኛሉ።

«አጎቴ፣ መቼም ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም» አለችኝ አሪየት። «ለክረምቱ ምን ልያዝ?»

ክረምት! ቃሉን ስሰማ የአሳው አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ሊሰነቀር ምንም አልቀረውም። እኔን ጉድ የሠራችኝ ይህችው ቃል ናት።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ከመንደር መንደር እየዞርኩ የእጅ ፓምፕ እጠግን ነበር። በካናዳ ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ለስድስት ወር ሥልጠና ጠራችኝ። ደብዳቤያቸው ላይ «የእኛ አገር ዊንተር ከባድ ነው፤ ተዘጋጅተህ ና» ይላል። ዊንተር ምን እንደሆነ ከመዝገበ ቃላት ፈለግሁ። «ክረምት» ይላል። አለቀ! ክረምት ደግሞ ለእኔ ምን አላት? እኔ እኮ ባሮ ሞልቶ አሳ በር እያንኳኳ ሲገባ ያደግሁ ሰው ነኝ። እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ ገዛሁ፣ የእንጨት እጀታ ያለው ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ገዛሁ፣ ሻንጣዬን ዘጋሁ። ሹራብ ግን አልያዝኩም። ሹራብ ለክረምት ምን ያደርጋል?

የደረስኩት በኅዳር ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስወጣ አየሩ በጥፊ መታኝ። ትንፋሽ ስስብ የአፍንጫዬ ፀጉር እንደ ሽቦ ሲደርቅ ተሰማኝ። ሊቀበሉኝ የመጡት፣ ቤታቸው የሚያሳድሩኝ መበለት፣ ዶረቲ ይባላሉ። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ በአማርኛ ስተርከው ግን እማማ ዶረቲ እላቸዋለሁ፣ ያኔ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ቦቲዬን አዩ፣ ጃንጥላዬን አዩ።

«ዝናብ ትጠብቅ ነበር?» አሉኝ።

ኦጁሉ ማለት ቢያቅታቸው እዚያው መኪና ውስጥ ስሜን «ጁሊ» ብለው አሳጠሩት። ጁሊ እዚያ የሴት ስም መሆኑን ያወቅሁት ከወር በኋላ ነው።

ቤታቸው ብቻውን ሐይቅ ዳር ቆሟል። ሥልጠናውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሰውም ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው። ጠዋት ጠዋት በመኪና ዙሪያውን ዞረው ይወስዱኛል፣ ማታ ይመልሱኛል። የገና ዕረፍት ተብሎ ሥልጠናው ሲዘጋ ግን ቤቱ ዋጠኝ። እኛ ዘንድ ቤት ማለት ልብስ የሚቀመጥበት፣ ዝናብ ሲመጣ የሚሮጥበት ነው፤ ሰው የሚኖረው ደጅ ነው። እዚያ ደጅ የሚባል ነገር የለም። መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው፣ በዚያ ላይ ፕላስቲክ ተለጥፎበታል። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ከወለሉ ሥር ያጉረመርማል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል። እስከ በር ልውጣ ብል አሥራ አንድ ልብስ መልበስ አለብኝ፣ ለብሼ ስጨርስ ደግሞ ሽንቴ ይመጣል። ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ አፍንጫዬን መስኮቱ ላይ ደግፌ ነጩን እያየሁ እውላለሁ። ነጭ ሜዳ፣ ነጭ ዛፍ፣ ነጭ ሰማይ። አንድ ቀን ቁራ ሲያልፍ አይቼ በደስታ ልጮህ ነበር።

የታሰረ ሰው አፉ አይታሰርም። ምሽት ላይ እማማ ዶረቲ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ እለቀዋለሁ። ባሮን በየማለዳው ከአዞ ጋር እዋኝ እንደነበር ነገርኳቸው። አንዱ አዞ በስሜ ያውቀኝ እንደነበር ነገርኳቸው። «አንድ ቀንማ ጅራቱን ይዤ ተሻግሬያለሁ» አልኳቸው። ሹራብ እየሠሩ «እግዚኦ!» ይላሉ። ሹራቡ የእኔ ነበር።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። እናቴ የምትኖረው ጎግ የሚባል ገጠር ነው፤ ስልክ የለም። ታላቅ ወንድሜን ኦባንግን፣ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጊሎ ወንዝ ወስዶታል። ሦስት ቀን ወንዙ ዳር ተቀምጣ ጠበቀችው፤ ውሃው አልመለሰላትም። ወደ ካናዳ ልነሳ ስል እጄን ይዛ በአኙዋክኛ የነገረችኝ በአማርኛ ሲመጣ እንዲህ ነው፦ «በፈረንጆቹ ገና ቀን ድምፅህን አሰማኝ። ካልሰማሁ ለቅሶ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ ጠብቄያለሁ፤ ሁለተኛ አልጠብቅም።»

እናቴ ነገር የምታጋንን ሴት አይደለችም፤ ማጋነኑን ሁሉ ለእኔ ትታልኛለች። እቀመጣለሁ ካለች ትቀመጣለች። በደብዳቤ ቀጠሮ ያዝን። እሷ በጭነት መኪና ጋምቤላ ትመጣና ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ቤት ትቀመጣለች፣ እኔ እደውላለሁ። ያ ሰዓት ካናዳ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው።

ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ማዕበል መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ቤቱን ሲደበድብ አደረ። ጠዋት በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ብከፍተው መንገዱ የለም፤ አጥሩም የለም። እማማ ዶረቲ የስልኩን እጀታ አንስተው አዳመጡና መልሰው አስቀመጡት።

«መስመሩ ተበጥሷል» አሉ። «ከበዓሉ በፊት የሚጠግነው የለም። መንገድ ጠራጊውም ቶሎ አይመጣም።»

«እናቴስ?» አልኳቸው።

«የማዶው መስመር በመሬት ውስጥ ነው፤ አይበጠስም። ከቤተ ክርስቲያኑ ትደውላለህ። እኔም ጸሎት አይቀርብኝም፤ አብረን እንሄዳለን።»

በምን እንደምንሄድ አልጠየቅሁም። እነዚያን ሁለት ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። የቤቱን ጣውላ ቆጠርኩ። ሰዓቱን እያየሁ «አሁን ከጎግ ተነስታለች፣ አሁን መኪናው ላይ ናት፣ አሁን አቧራዋን እያራገፈች ነው» እላለሁ። ገና ዋዜማ ማታ እማማ ዶረቲ ሹራቡን ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ላዩ ላይ «ለጁሊ» የሚል ተጽፎበታል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ወጣን። ጎህ እየቀደደ ነበር። እማማ ዶረቲ ወደ መንገዱ አልዞሩም፤ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረዱ።

«ግማሽ ሰዓት ነው» አሉኝ።

«በምን?»

«በእግር ነዋ!»

«በምኑ ላይ?»

ዞር ብለው አዩኝ። «ጁሊ፣ እዚህ ላይ የጭነት መኪና ይነዳል።»

«መኪና እናት የለውም» አልኳቸው።

«የአዞ ጅራት ይዘህ የተሻገርክ ሰውዬ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። የገዛ ውሸቴ በዚያ ብርድ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ጃንጥላዬን ዘቅዝቄ፣ እኛ ዘንድ ወንዝ ሲገባ ውሃው በዱላ እንደሚፈተሸው፣ በጫፉ በረዶውን ኳ አደረግሁ። አንድ እግሬን አሳረፍኩበት። ሁለተኛውን ሳስከትል በረዶው ከታች «ድዉዉ» ብሎ አጓራ። እማማ ዶረቲ በረዶ ሁሌም እንዲህ እንደሚል ሊያስረዱኝ ሲሞክሩ እኔ ሐይቁ ዳር ያለ ዛፍ አቅፌ ቆሜያለሁ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ቦቲዬ መሬት የነካ አይመስለኝም።

ሰዓቴን አየሁ። ለሁለት ሃያ ጉዳይ። ስልክ ቤቱ አግዳሚ ላይ እናቴ ታየችኝ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ወንዙን እንዳየችው በሩን እያየች። ያ ሁሉ ነጭ ዙሪያዬን ዘግቶ፣ በፊቴ ውሃ፣ በኋላዬ ያ ቤት። እማማ ዶረቲን ጠጋ ብዬ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር ነው። ምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አልሳቁም። ወደ ዕቃ ቤታቸው ተመልሰው የልጅ ልጆቻቸውን መንሸራተቻ እየጎተቱ መጡ። ቀይ ፕላስቲክ ነው፣ ገመድ አለው፣ ጎኑ ላይ ጥንቸል ተሥሎበታል።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

የእኛን ሰው ቁመት ታውቁታላችሁ። ስቀመጥ ጉልበቴ ጆሮዬ አጠገብ ደረሰ። ነፋሱንም ለመከለል፣ ምንም ላለማየትም ብዬ ጃንጥላዬን ዘረጋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እማማ ዶረቲ ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጎተት ጀመሩ። በየመሃሉ ነፋሱ ጃንጥላዬን ከኋላ ሲመታው መንሸራተቻው እሳቸውን ሊቀድም ይቃጣዋል፤ ያኔ «ፍሬን ያዝ!» ይሉኛል። ፍሬኑ የት እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። እየጎተቱ መዝሙር ያዙ። ዜማውን አወቅሁት፤ እኛ በገና በከበሮ የምንዘምረው ነው። ዓይኔን እንደጨፈንኩ በአኙዋክኛ ተቀበልኳቸው። ከሥሬ በረዶው ያጓራል፣ እኔ ደግሞ ከሱ በላይ እጮሃለሁ። እንዲያ ጮኼ ዘምሬ አላውቅም፤ እምነቴ ጠንክሮ ግን አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ውስጥ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለው ቁጥሩን የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው። ከሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ አልፏል። ጠራ፣ ተቋረጠ። ጠራ፣ ተቋረጠ። በሦስተኛው የስልክ ቤቱ ሠራተኛ አነሳና፣ ገና ስሜን ሳልጨርስ «ኧረ ቶሎ፣ ሴትየዋ ልትነሳ ነው!» አለኝ።

«ኦጁሉ?»

«እማ።»

መስመሩ ይንጫጫል። ከዚያ «ለምን ዘገየህ?» አለችኝ።

የወጣት ነገር! ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት ጥንቸል የተሣለበት ፕላስቲክ ላይ ተቀምጬ ነበር። «ውሃ ተሻግሬ ነው፣ እማ» አልኳት። «በውሃ ላይ ሄጄ መጣሁልሽ።»

«በውሃ ላይ?» ድምፅዋ ስልክ ቤቱን ሞላው። «ማን ፈቅዶልህ ነው?»

ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄ ሌላ ነገር ሆነብኝና እማማ ዶረቲ መሐረብ አቀበሉኝ። የቀረውን ደቂቃ እናቴ ተቆጣችኝ። እንዲያ ያለ ጣፋጭ ቁጣ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ከጸሎቱ በኋላ ተርኪ የሚሉትን፣ የፍየል ግልገል የሚያህል ዶሮ ከቀይ ጎምዛዛ ማርማላታ ጋር አበሉኝ፤ ሥጋ በማርማላታ ይበላል ቢሉኝ ሌላ ቀን እምቢ እል ነበር። አመላለሳችንን አልተርክም። ገመዱ ያው ነው፣ ጃንጥላውም ያው ነው።

እናቴ ታዲያ የሰማችውን በሆዷ አልያዘችም። ስልክ ቤቱ ሰማ፣ የጭነት መኪናው ሰማ፣ ጎግ ያለው ቤተ ክርስቲያን በእሑድ ሰማ። በግንቦት ስመለስ ጴጥሮስ የሚለው ስም ከእኔ ቀድሞ አገር ገብቶ ጠበቀኝ። ስለ መንሸራተቻው የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልመልስም።

አሪየት ይህን ስትሰማ የያዘችውን አሳ አስቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች።

«አጎቴ! በእግርህ አልነበረም? ሰንበት ትምህርት ቤት በሙሉ የተማርነው ባንተ ነው እኮ!»

«ሹራብ ያዢ» አልኳት። «ጃንጥላ አትያዢ። የአዞ ጅራት ይዤ ነበር ብለሽም ለማንም አታውሪ። ሲጨልምብሽም ደውዪልኝ።»

ተነስታ ጫማዋን አወለቀችና ወደ ውሃው ወረደች። ጉልበቷ ድረስ ገብታ «ና እንጂ፣ ይሞቃል!» እያለች ውሃ ረጨችኝ። እኔ ማንጎዬ ሥር ቀረሁ። ያኔ ያሰረኝ በረዶው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው የእናቴን ገመድ ከጎግ ይዤው ነው የሄድኩት፣ ከዚያ ቤት ጎትቶ ያወጣኝም ያው ገመድ ነው። እናቴ አርጅታለች፤ ዛሬም ስደውልላት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ውሃ አልገባህም?» ብላ ነው። ኦባንግ ከሄደ ወዲህ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ውሃ ፈቅዳልኝ አታውቅም።

ለእማማ ዶረቲ ያን ለት የነገርኳቸውም ይህንኑ ነው፣ አሁን ለእናንተም ልንገራችሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ቤቴ ከባሮ መቶ እርምጃ አይርቅም፣ ዋና አልችልም። ገላዬን የምታጠበው ጓሮ ውስጥ በባልዲ ነው።